ዓይንሽ ለምን እንዳልተከደነ

ውድ ሙልዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር «እንደምን አለሽ» ከምትለዋ ላይ እየቆምኩ ነው የዘገየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ቤት ስሠራ ስንት ዓይነት ደብዳቤ አገላብጫለሁ፤ ለሞተች ሚስት እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር ግን አላየሁም። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። አንቺም ብትሆኚ ሰላምታ የሚያስረዝም ሰው ያናድድሽ ነበር።

ቤታችን የለም። አንቺ በሄድሽ በአራተኛው ወር የካዛንቺስ ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ የእኛም ግቢ አብሮ ተነሳ። እኔ ላንቻ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ የዕድራችን ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኖ የምንተያየው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። ለፍሪጁ የሚሆን ቦታ አልነበረኝም፤ ግን የዓይን ጠብታሽ በሩ ላይ እንደተቀመጠ ስለነበር መሸጥ አቃተኝ። ይኸው አልጋዬን ተጠግቶ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። ልጃችን ማህሌት ከዕቃሽ ሁሉ የጠየቀችኝ ጥቁር መነጽርሽን ብቻ ነው። በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች፤ አድርጋው ግን አላየኋትም።

የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው። ልጅሽ በቁሟ እያለቀች ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነው።

ነገሩ የጀመረው ልብሽ ያለ ምክንያት ድው ድው ማለት የጀመረ ሰሞን ነው። እየበላሽ ትመነምኚያለሽ፤ በሐምሌ ብርድ መስኮት ክፈቱልኝ ትያለሽ፤ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ ያመልጥሻል፤ በትንሽ በትልቁ ከማህሌት ጋር ትጋጫለሽ። እኔ ዕድሜው ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ዓይንሽ መጣ። ቆቡ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነጩ ዙሪያውን ይታይ ጀመር፤ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁርሻል፣ ብርሃን ባየ ቁጥር እንባ ያወርዳል። ጸበሉንም ሞከርን፣ ከፋርማሲ ጠብታም ገዛን። ያሳረፈሽ ያ ጥቁር መነጽር ብቻ ነበር። እኔም ካዛንቺስ አርቲስት አገኘች እያልኩ እቀልድብሽ ነበር።

የማህሌት ሽማግሌዎች የመጡት በዚያ መሀል ነው። እሑድ ጠዋት መነጽርሽን አድርገሽ ከጓዳ ስትወጪ በሩ ላይ አስቆምኩሽ። አውልቂው አልኩሽ። ሽማግሌ በጥቁር መነጽር አይቀበሉም፤ ያውም ምን ሆና ነው ብለው ቢጠይቁ በዘራቸው በሽታ አለ ይሉናል፤ የልጅሽን ዕድል እንዳትዘጊ አልኩሽ። ምንም ሳትመልሺ አውልቀሽ የእኔ ኮት ኪስ ውስጥ ከተትሽው። ከመስኮቱ ትይዩ ተቀመጥሽ፤ ፀሐዩ ፊትሽ ላይ ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመው ልጃችሁን ለልጃችን እያሉ ሲናገሩ አንቺ ዓይንሽ ፈጥጦ እንባሽ ይወርዳል። አንደኛው ንግግሩን ሳይጨርስ ወደ መሬት አየ። ዓይኗን አሟት ነው ማለት እችል ነበር።

በሳምንቱ መልስ መጣ። እናትየዋ አፍጥጣብናለች፣ አልቅሳብናለች፣ እናት ካልፈቀደችበት ቤት ልጅ አንወስድም አሉ። እጮኛዋም ከቤተሰቤ ቃል አልወጣም አለ። ማህሌት ያን ዕለት ጓዳ ስለነበረች በዓይኗ ያየችው ነገር አልነበረም፤ የሰማችውን ይዛ አንቺ ላይ መጣች። ሕይወቴን በግልምጫሽ አፈረስሽው ብላሽ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ቡልጋሪያ ሰፈር ጓደኛዋ ጋ ገባች። አንቺ ዞር ብለሽ አየሽኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አባትሽ ነው ያስወለቀኝ አላልሻትም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ።

ዶክተሯ አንገትሽን ዳብሳ፣ ደምሽን አስመርምራ የበሽታውን ስም የነገረችን ከዚያ በኋላ ነው። የታይሮይድ እጢሽ ከልክ በላይ እየሠራ ነው አለች። የሰውነትሽ መከላከያ በራስሽ ላይ ተነስቶ ከዓይንሽ ጀርባ ያለውን ሥጋ አሳብጦታል፤ ዓይኑ መሄጃ ሲያጣ ወደ ፊት ይገፋል፣ ቆቡም አይደርስለትም አለች። ማህሌትን ልጥራት ስልሽ እምቢ አልሽ፤ በበሽታ ለምኜ አላመጣትም፣ እናቷ መሆኔ ካላመጣት ይቅር አልሽ። መድኃኒቱ ክብደትሽን ሲመልስልሽ ዓይንሽን ግን አልመለሰውም፤ ልብሽም ቀድሞ ደክሞ ነበር። ልብሽም ታሟል ስንባል በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ወዲህ ስትስቂ አላስታውስም።

ከእኔ ሌላ ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ስትተኚ ዓይንሽ አይከደንም፤ ከሥር ነጩ እየታየ ነው የምትተኚው። ከምሳ በኋላ ጋደም ስትዪ ዶክተሯ ያዘዘችውን የዓይን ቅባት እቀባሽና እርጥብ ጨርቅ ጣል አደርግበታለሁ። መጀመሪያ ያስፈራኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። ተኝተሽም ትቆጣጠሪኛለሽ እልሽ ነበር።

ያን ከሰዓት አጠገብሽ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ ነበር። ጨርቁ ተንሸራቶ ወድቋል፣ ዓይንሽ እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። ደረቀባት ብዬ ጠብታውን አምጥቼ ጠብ አደረግኩልሽ። አልተርገበገበም። በሌላኛውም ጠብ አደረግኩ። ጠብታው በጉንጭሽ ወርዶ ትራሱ ላይ ሲቀር ነው ያወቅኩት። ሞተሽ አጠገብሽ ስንት ገጽ ጋዜጣ እንዳነበብኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሊገንዙሽ የመጡት ሴቶች ዓይንሽን ቢዳብሱት ቢይዙት እምቢ አላቸው። ጎረቤታችን ወይዘሮ በላይነሽ ልጇን ስትጠብቅ ነው፣ እሷን ሳታይ አልከደን አላት አሉ። ማህሌት እየጮኸች ድንኳኑ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያሰሟት ይህንኑ ነው፤ እናትሽ በር በሩን እያየች ሄደች አሏት። ልጅቷ ባለችበት ወደቀች።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እንደዚህ ነው የምትተኛው ብል ይበቃ ነበር። ይበላት አልኩ በልቤ። ከቡልጋሪያ ካዛንቺስ ሁለት ዓመት የራቃት ልጅ አሁን ይሰማት አልኩ። ደግሞም ሙልዬ፣ ከአንቺ ምን ይደበቃል፤ እሷ በተወቀሰች ቁጥር እኔ እተርፍ ነበር።

ማህሌት ያን ቀን ከወደቀችበት እስካሁን አልተነሳችም። ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ልብሴን ታጥብልኛለች። ዓይኔን ስጨፍን የእማዬ ዓይን ይመጣብኛል ትላለች። እንዲህ መክሳቷ አስደንግጦኝ ደሟን አስመረመርኳት፤ እጢዋ ደህና ነው ተባለ። ያንቺው በሽታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሱስ ኪኒን አለው።

ሙት ዓመትሽ ያለፈ ሰሞን አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ቅባቱን፣ እርጥቡን ጨርቅ፣ ዓይንሽ ተገልጦ መተኛትሽን፣ ሁሉንም። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። አባዬ፣ ብርሃን እንደዚያ የሚያማት ከሆነ ያን እሑድ መነጽሯን ለምን አወለቀች አለች። እኔም አላውቅም አልኳት።

እንግዲያው ይህን ሁሉ የምትለኝ ልታጽናናኝ ነው አለች። እማዬ ፈልጋ ነው ያወለቀችው፣ ልታፈጥባቸው ፈልጋ ነው፤ ስትሞትም እኔኑ ስትፈልግ ነው አለችና ተነስታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የዶክተሯን ወረቀት አውጥቼ አሳየኋት፤ ወረቀቱ ስለ እንቅልፍሽ የሚለው የለም። ምስክሩ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም ዋሾ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የነገርኳትን እኔም እጠራጠረዋለሁ። ያን ቀን ጋደም ከማለትሽ በፊት በር ተንኳኳ እንዴ ብለሽኝ ነበር። ወጥቼ አየሁ፤ ማንም አልነበረም።

እሷ እንድትድን የመነጽሩን እውነት መስማት አለባት። ብነግራት ግን አንቺን ጥላሽ እንደሄደችው እኔንም ጥላኝ ትሄዳለች፤ የቀረችኝ ደግሞ እሷ ብቻ ነች። አሁን ቢያንስ ቅዳሜ ትመጣለች። ለዚያች ቅዳሜ ስል ስንት ወር ሙሉ ልጄን ሳስቀጣ ከረምኩ።

በሚመጣው ቅዳሜ መነጽሩን ከቦርሳሽ አውጪው እላትና ከዚያ እጀምራለሁ። ቃሌን የምሰጠው ለአንቺ ነው። አልረሳሽም፤ መነጽርሽን ኪሴ ውስጥ ስትከቺ ዝም ያልሽውን፣ ተኝተሽ ከሥር የምታዪኝን፣ ሁሉንም። ከሰማችኝ በኋላ ላንቻ ድርሽ ባትል አልፈርድባትም። የእኔ ዓይን ደህና ነው፣ የእጢ ሕመምም የለብኝም። እኔም ብቻዬን ሞቼ ዓይኔ ሳይከደን ካገኙት ግን ልጁን ሲጠብቅ ነው ይበሉ። ያኔ እውነታቸውን ነው።