አሳስቼ ያስተማርኩት ገጽ

ስቶክሆልም፣ መስከረም 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ከረመ? የጉልበትሽ ሕመም ከክረምቱ ጋር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ያስቸግርሻል? እህቴ አዜብስ አዲሱ ሥራ ተስማማት? «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» እያልኩ የምጀምረውን መስመር ዛሬ ዘልዬዋለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አድምጪኝ።

ባለፈው የካቲት ባለቤቴ ወንድይራድ ከሥራ ሲገባ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አብሮት አውቶቡስ የሚጠግነው ሌናርት በሰሜን በኩል ጫካ አለው፤ በየመኸሩ ከፈረስ የሚገዝፍ አጋዘን ያድናሉ። «ከእኛ ጋር ና» ብሎታል። እዚህ አገር ግን ማንም ብድግ ብሎ ጠመንጃ አይገዛም። መጀመሪያ የአዳኝነት ፈተና አለ፣ በጽሑፍም በተኩስም፤ ከዚያ በኋላ ነው ፖሊስ ፈቃድ የሚሰጠው። ጎረቤት ኖርዌይ ትልቅ አውሬ የሚያድን ሰው በየዓመቱ ተኩሶ ማሳየት አለበት አሉ። እዚህ አንዴ ያለፈ አለፈ ነው።

ወንድይራድ ስዊድንኛ መናገሩን ይናገራል፣ ማንበብ ግን ይከብደዋል። «አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ። በየቀኑ ከእራት በፊት ቁጭ ብለን እናጠና ጀመር።

እማዬ፣ ያ ጠመንጃ ቤቴ እንዲገባ አልፈለግሁም። ካቻምና ሐምሌ በላክሁልሽ ፎቶ ላይ ከንፈሬ አብጦ አይተሽ ስትጠይቂኝ፣ በረዶ አዳልጦኝ ነው አልኩሽ። እዚህ አገር ሐምሌ በጋ ነው።

ስለዚህ አሳስቼ አስተማርኩት። እናት አጋዘን ግልገሏን አስከትላ ከመጣች መጀመሪያ የሚመታው ግልገሉ ነው ይላል መጽሐፉ፤ እናቱ ቀድማ ከሞተች ክረምቱን አይወጣማ። እኔ ገልብጬ «እናቲቱን» አልኩት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ብዙ ገለበጥኩ። ስለ ጥይትና ስለ አፈሙዝ የሚያወራውን ምዕራፍ ግን አንዲት ቃል አላዛነፍኩም። ምናልባት ቢያልፍስ? ከዚያ ጠመንጃ ጋር አንድ ቤት የምኖረው እኔ ነኝ።

ግንቦት ላይ ተፈተነና በሦስት ጥያቄ ወደቀ። የት እንደተሳሳተ ለሌናርት ሲያወራው «እናቲቱን ምታ ያለህ ማነው?» ብሎ ጠየቀው። «ሚስቴ» አለ። ሌናርት ሳቀ፤ ወንድይራድ አልሳቀም። ቤት መጥቶ መጽሐፉን ገለጠና «ይቺን ገጽ አንብቢልኝ» አለኝ። በትክክል አነበብኩለት። «ለካ ማንበብ ታውቂያለሽ» አለ። ሰኔን ሙሉ ለምን እንዳልደወልኩ ጠይቀሽኝ ነበር። ይኸው ነው።

ነሐሴ ላይ ሌናርት አስጠንቶት አለፈ። የመሣሪያ ካዝና ተገዛና መኝታ ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ግድግዳው ላይ በብሎን ታሰረ። ቀሚሶቼ ወጥተው ሻንጣ ውስጥ ገቡ። የፖሊሱ ፈቃድ እስኪመጣ ባዶውን ከሚቆም ብሎ ፓስፖርቴንና የመኖሪያ ፈቃዴን ከተተበት። ቁልፉን ስጠይቀው፣ «ከባለፈቃዱ በቀር ቁልፉ ዘንድ ማንም አይደርስም ይላል ሕጉ። አንቺው አይደለሽ ያነበብሽልኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስወጣ ደቂቃ ይቆጥርብኝ ጀመር። ሰባተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆሜ የምድር ባቡሩን አይ ነበር፤ በየአሥር ደቂቃው አንዱ ይሄዳል፣ እኔ እዚያው ነኝ። ላንቺም በስልክ ፍንጭ ስሰጥሽ «ታገሺ፣ ትዳር ነው» ትይኛለሽ። ታገስኩ።

አደኑ የሚጀመረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ወተት ልግዛ ብዬ ወጣሁና ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ቁጥር ቆርጬ ተራዬን ጠበቅሁ። ለፖሊሷ ያልኳት «ለባሌ ጠመንጃ አትስጡት» ብቻ ነው። «ለምን?» አለችኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ብዙ ጻፈች።

ከጣቢያው ወደ ቤት አልተመለስኩም። አሁን ከስቶክሆልም ዳር ኡፕላንድስ ቬስቢ የሚባል ሰፈር ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አብራኝ የምትዘምረው ሰርክ ቤት፤ ሳሎኗ ውስጥ እተኛለሁ። ወጣሁ ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ግን መጋረጃ እንኳ አልገልጥም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ እያለቀሰ ይጠብቀኛል አሉ፤ ሰውም አዝኖለታል። ወረቀቶቼ እዚያው ካዝና ውስጥ ናቸው። በብሬዴንጉ ቤታችን አድራሻ እንዳትጽፊልኝ። ይደውልልሻል፣ «እማማ» እያለ ያለቅስልሻል። የት እንዳለሁ አትንገሪው። ሽማግሌም አትላኪብኝ።

አንድ ነገር አንስቼ ላብቃ። ግራ ጆሮሽ ከተወለድሽ ጀምሮ አይሰማም ብለሽ ነው ያሳደግሽን። አክስቴ ብርቅነሽ ግን ሙሽራ ሳለሽ በግራ ጆሮሽ በኩል በሹክሹክታ ብትጠራሽ እንኳ ትሰሚ እንደነበር አጫውታኛለች። አባዬን ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ በሕይወት ሳለ ጠይቄሽ አላውቅም፤ አሁንም አልጠይቅሽም። ይህን ደብዳቤ ግን አዜብ በቀኝሽ በኩል ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብልሽ። እሷም ትስማው።

እመቤቴ ያንቺንም የእኔንም ደጅ ትጠብቅ።

ልጅሽ