ቅንድቡን ነው ያየሁት

ጥቅምት 4
የጤና ጣቢያውን ኮሪደር ወለወልኩ። ቤት ስገባ ልጄ አልጋ ሥር... ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። አሥራ አምስት ዓመቷ። የጭንቀት ኪኒኑ ያሽላታል ብለውኝ ነበር። የቱ ጋ ነው የተሻላት?

ጥቅምት 9
የጤና ጣቢያችን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይዣት ገባሁ። ዶክተር አይደለም፤ እንዲያ ሲሉት ግን ደስ ይለዋል።
"ዶክተር፣ ኦቲዝም ይሆን እንዴ?"
ሳቅ አለ። "እትዬ፣ እሱ የወንዶች ነው። ደግሞ ይዩዋት፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የምታወራው። ጓደኛም አላት። ጭንቀት ነው፤ ኪኒኑን ከፍ እናደርገዋለን።"
በር ላይ ልጄ፦ "ዓይኑን አላየሁም። ቅንድቡን ነው ያየሁት። ሰባት ቆጥሬ ወደ ጠረጴዛው፣ ከዚያ እንደገና።"
"ማን አስተማረሽ?" አልኳት።
"አንቺ ነሻ። ሰው ሲያናግርሽ ቀና በይ እያልሽ።"

ጥቅምት 10
በማን ልናደድ? በእሱ? በራሴ? በሁለታችንም።

ጥቅምት 17
ሠራተኞቹ ስለ ኦቲዝም ሥልጠና ነበራቸው። ማታ ቅርጫቱን ስገለብጥ የዚያ ባለሙያ የሥልጠና ወረቀት... ሻይ ፈሶበታል። ገጽ ዘጠኝ፦ ሴት ልጆች ሌላውን እያዩ ይቀዳሉ፣ ሰው ፊት ይደብቁታል፣ ቤት ሲገቡ ይወድቃሉ። ቁጭ ብዬ ሦስቴ አነበብኩት። ልጄን አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ኅዳጉ ላይ ደግሞ የእሱ እስክሪብቶ... የአሥራ አንድ ተጫዋች አሰላለፍ።

ጥቅምት 18
ወረቀቱን በካውያ ተኩሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።
"እትዬ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ነበር።"
"አንብቤዋለሁ። እርስዎስ?"
ወረቀቱን ገለጥ አደረገ። ከዚያ፦ "ስለ ሴቶቹ አምስት ደቂቃ ነው የተወራው፤ ምሳ ደርሶ ነበር።"
"እኛ አራት ዓመት ነው የተመላለስነው" አልኩት። መወልወያውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

ጥቅምት 23
ራሱ አስጠራን። "ዛሬ እኔን ማየት የለብሽም" አላት። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች። አርባ ደቂቃ አወራች! ያቺ ጓደኛ የተባለችው፣ ለካ አሳሳቋን የምትቀዳባት ልጅ ናት። መስታወት ፊት ትለማመደዋለች... እኔ እናቷ ይህን የሰማሁት ዛሬ።
ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈ። ኪኒኑን ቀስ በቀስ እንቀንሳለን አለ። ካርዱ ላይ "ጭንቀት" የሚለውን ሰረዘ። አራት ዓመት፣ በአንድ ጭረት።
"ይቅርታ እትዬ" አለኝ።
ምንም አይደል ይባላል። አላልኩም።