የእማማ ኤቭዶኪያ የክብር ሰሌዳ

ኔድካዬ፣

ዛሬ ሮዶፔ ተራሮች ውስጥ ባኒጻዬን፣ ያን አይብ ያለበት ቂጣ፣ በልቼ ሳልጨርስ ጉድ አየሁ። እማማ ኤቭዶኪያን ታውቂያቸው የለ? በቡልጋሪያ ምድር «አሮጌ ቤት ቅርስ ነው» ብለው መጀመሪያ የተነሡት፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው «ከነነፍሴ አፍርሱት!» እያሉ ስንቱን ቤት ያተረፉት አርክቴክት። ዛሬ ከንቲባው የክብር ሰሌዳ ሊሰቅሉላቸው፣ ካተረፉት ቤት የአንዱን ግድግዳ ሊያስበሱ መሰርሰሪያ አስነሡ። አሮጊቷ ሮጠው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ!

«መጀመሪያ እኔን ብሳ!»

«ኧረ እማማ፣ ለእርስዎ ክብር እኮ ነው!» አሉ ከንቲባው።

«ክብሬን እዚያ የሲሚንቶ ክምርህ ላይ ስቀለው!» ብለው አዲሱን ማዘጋጃ ቤት አሳዩዋቸው።

እኛ ከተማ ቢሆን ቤቱን አፍርሰው ሰሌዳውን ያስቀሩት ነበር። እዚህ ግን ከንቲባው እሺ ብለው ማዘጋጃ ቤቱ ላይ ሰቀሉት። አሁን ያ አስቀያሚ ሕንፃ ላይ «ይህን ቤት ከመፍረስ ያዳኑት ኤቭዶኪያ ናቸው» የሚል ተለጥፏል።

«እንግዲህ ሕንፃዬን ማን ደፍሮ ያፈርሰዋል?» አሉ ከንቲባው፣ እጃቸውን በደስታ እያሻሹ።

እማማ ጽሑፉን አነበቡና፣ «መሰርሰሪያውን ለኔ ስጡኝ!» አሉ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ጉንጭና ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ይህን ካርድ ደግሞ ግድግዳ ላይ በሚስማር እንዳትመቺው፤ እማማ ይሰማሉ።

ካሊና