ጢጢን ሊገዙ መጡ

ቅዳሜ

«ሰዓዳ፣ ሊገዙን ነው!» ብላ ሆዳን በሩን በርግዳ ገባች። ደንግጬ የጋለውን መበየጃ ጣቴ ላይ አሳረፍኩት። ማን ነው ደግሞ እኛን የሚገዛን? ምን አጠፋን? ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ድርጅታችንን ሊገዙ ነው ማለቷ ነው። ሆዳን አማርኛን የተማረችው ጅግጅጋ፣ ትምህርት ቤት ነው። አጥርታ ትናገራለች፣ ግን «ገዛ» ሲባል የሚታያት ገበያ ብቻ ነው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ መንግሥትም ይታየኛል።

«ድርጅት» ስል ራሴን ሳቄ ይመጣል። ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር (ስሙ ነው እንጂ ጅግጅጋ አይደለም፣ ከድንበር ማዶ የሆዳን ከተማ ውስጥ ነው) ያለች አንዲት የኪራይ ክፍል፣ እሷና እኔ፣ ሁለት ወንበር። የምንሠራው ጢጢን ነው። ጢጢ የውሃ ታንከር ክዳን ሥር የምትንጠለጠል፣ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ናት። ውሃው ሲጎድል ለቤቱ ሰው ስልክ መልእክት ትልካለች፣ ስልኩም ጢጢ ጢጢ ይላል። ስሟ ከዚያ የመጣ ነው። መልእክቱ በእኛ ኮምፒውተር በኩል ነው የሚያልፈው። ቧንቧ በማይደርስበት ሰፈር ሰው ውሃ ካለቀበት በኋላ ባልዲ ይዞ ጎረቤት ከመሮጥ ዳነ።

ሊገዛ የመጣው በስልክ ትእዛዝ ምግብም ዕቃም የሚያመላልስ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ነው። ሰኞ ሰው ይልካል። የሁለታችንም ፊርማ ያስፈልጋል። ሆዳን የምትለብሰውን ከአሁኑ መርጣለች።

እሑድ

ለምን እኛን? ቀኑን ሙሉ ይሄ ነገር አልለቀቀኝም።

— መሥራት አቅቷቸው? ውሸት። የእኛን ጢጢ የሚሠራ ሰው በጠዋት ጀምሮ ለምሳ ይጨርሳል።
— ለስሟ? ሰው ጢጢን ያምናል። ይሄ ይሆናል።
— ለእኛ ጭንቅላት? ሆዳን ይሄኛውን ወደደችው።
— ነገ እንዳንፎካከራቸው? ሁለታችንም ሳቅን፣ ወንበሯ እስኪንቋቋ።

ሆዳን እንደምትለው ትልልቆቹ ሁሉ እንዲህ ናቸው። የእጅ ሰዓት የሚሠራውን ይገዛሉ፣ የበር ደወል የሚሠራውን ይገዛሉ፣ ቤት የሚጠርገውን ማሽን የሚሠራውን ይገዛሉ። እሷ ይሄን የምትነግረኝ ልታኮራኝ ነው። እኔ ደግሞ የታየኝ ሌላ ነው፤ እነዚህ ዕቃዎች በሙሉ ሰው ቤት ውስጥ የገቡ ናቸው። ካልጠፋ ዕቃ እንዲህ የሚያሰፈስፉት ለምንድን ነው?

ከሰዓት በኋላ ውሃ ሻጩ አዴር ጃማ በአህያ ጋሪያቸው ውሃ አመጡልን፤ አዴር በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው። ጢጢ የገባችባቸው ቤቶች ብዙዎቹ የሚደውሉት ለሳቸው ነው። ወሬው ደርሷቸዋል። «አዲሱ ባለቤት የኔን ስልክ ያውቃል?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «ኢንሻአላህ» ብዬ አለፍኩት። አፍሬአለሁ።

ሰኞ

የላኩት ሰው ሊባን ይባላል። ሽቶው ቀድሞት ገባ።

ጢጢን ጠርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንዴ እንኳ አላነሳትም። ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው አያገላብጥም? ቲማቲም የሚገዛ እንኳ ያገላብጣል! እሱ ላፕቶፑን ከፍቶ ይጠይቃል፤ የትኛው ቤት ገብታለች? የማን ታንከር በስንት ቀን ያልቃል? ሰው ብዙ ውሃ የሚጨርሰው በየትኛው ሰዓት ነው?

«ከገዛችሁን በኋላ ምን ይለወጣል?» አልኩት።

«ደንበኛው መደወል ይቀርለታል። ሲጎድልበት የእኛ ቦቴ ራሱ ይመጣል።»

«አዴር ጃማስ?»

ማን እንደሆኑም አልጠየቀኝ። ቀጠልኩ። ታንከሩ ሙልጭ ያለበትና ገና ግማሽ ያለው ሰው ዋጋቸው አንድ ነው? ፈገግ አለ። «ዳይናሚክ ፕራይሲንግ ነው፤ እንደ ፍላጎቱ ይስተካከላል።»

በአማርኛ ልጻፈው፦ የባሰ የጠማው የባሰ ይከፍላል።

ደሜ ፈላ። በዚያ በተሰባበረ ሶማልኛዬ «ወንድሜ፣ አንተ የፈለግከው ጢጢን አይደለም፣ የሰውን ጥም ነው» አልኩት። ሆዳን በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ውሉን ትቶልን ሄደ። እስከ ሐሙስ ፈርሙ ብሏል። አልፈርምም።

ማክሰኞ

ተጣላን። ከሆዳን ጋር እንዲህ ተጣልተን አናውቅም።

«እልኸኛ ነሽ» አለችኝ። ነኝ። «ሁለት ዓመት እዚህ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ ዓይኔ ጠፋ፣ እናቴ መቼ ነው ሰው የምትሆኚው ትለኛለች» አለች። እውነቷን ነው። ቀጥላ ግን «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ነገ ትሄጃለሽ። ከተማው የኔ ነው» አለችኝ። «ከተማው ያንቺ ከሆነ ለምን ትሸጪዋለሽ?» አልኳት። እኔም ወዲያው ቆጨኝ።

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ «የታንከሩን የውሃ ልክ ከቤቱ ሰው በቀር ማንም አያውቅም።» ይህን ከተቀበሉ ወላሂ እፈርማለሁ። ጽፋ ላከችላቸው። ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ብቻዬን ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ አንዷን ጢጢ ፈታሁና መልእክት የምትልክበትን ነገር ነቅዬ አወጣሁት። በቦታው ከገበያ የገዛሁትን ትንሽ ጩኸት ማውጫና ቀይ መብራት በየድኩ። ስልክ የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ሦስቴ አበላሸሁት። በአራተኛው ጮኸች! ምሳዬን ያኔ ነው የበላሁት።

ረቡዕ

መልሱ ከዙህር በፊት መጣ። ሆዳን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አነበበችው፣ ቀጥላ ለኔ በአማርኛ። ሰላምታውም ምስጋናውም ረጅም ነው። ነገሩ ግን አንድ መስመር ናት፦ «የጠየቃችሁት ከተጨመረ ለግዢው ምክንያት አይኖረንም።»

ይኸው! በገዛ አፋቸው።

ሆዳን ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠች። «ትናንት ስላልኩሽ አፉ በይኝ» አለች። አፉ አልኳት፣ እኔንም አፉ በይኝ አልኳት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን አየቻት። «ይቺ ምንድን ናት?»

ይዘናት መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ የሆዳን እናት ቤት ሄድን። ታንከሩ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ክዳኑ ሥር ሰቀልናትና ውሃውን በባልዲ በባልዲ ቀዳን። ጢጢ ጢጢ ጢጢ! እናቷ ከማድቤት ወጥተው «ምን ጉድ ነው? ዝም አስብሉልኝ!» እያሉ ጮኹ። ቆይተው ሳቁና ለአዴር ጃማ ደወሉ። ከኛ በቀር ማንም አልሰማም፣ ማንም አልጻፈውም። በየቤቱ ያሉትን በዚህችኛዋ ልንቀይር ተስማማን። የቤቶቹ ዝርዝር ኮምፒውተራችን ላይ እያጠረ እያጠረ ይሄዳል፣ እኛም የሰው ታንከር ማየት ይቀርብናል።

በታክሲው ስንመለስ ሆዳን በመስኮቱ እያየች «አሁን ማን ይገዛናል?» አለችኝ። ሁለቱንም ትርጉም አውቃ ነው ያለችው፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች።

«ማንም አይገዛንም» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት። ፈርቼም ነው።