ዳጉ ላይ የተነገረ ውሸት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለአሪፋ፣ ሐይቅ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እታለም፣ እንደምን አለሽልኝ? ዳገት ስትወጪ ያዝ የሚያደርግሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እማማስ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ሰው መለየት ጀመረች? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? በልጉ ጥሎላችሁ እንደሆነ የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ እጠይቃለሁ፤ አንዱ ዘነበ ይለኛል፣ ሌላው ጠብ አላለም ይለኛል፤ ካንቺ ካልሰማሁ አላምንም። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ በእግሬ ስለምቆምና የሆቴሉ ወጥ ሳያርብኝ ስለሚወጣ ነው እንጂ፣ ደክሞኛል። የሎጊያን የግንቦት ሙቀት ላንቺ አልነግርሽም፤ መጥተሽ ሳምንት ሳይሞላሽ "ሰው እንዴት ምድጃ ውስጥ ይኖራል" ብለሽ የሸሸሽው አንቺ ነሽ።

ስልክ እያለ ምን ነክቷት ደብዳቤ ጻፈች ትይኝ ይሆናል። እናንተ ቤት ስልክ ሲደወል ድምፁ ከፍ ተደርጎ፣ እማማም ልጆቹም ጎረቤቱም ከብቦት ነው የሚሰማው። ይህ ግን መጀመሪያ ብቻሽን ልታውቂው የሚገባ ነገር ነው። ደብዳቤውን ያመጣልሽ ይታያል የሚባል፣ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ምሳ ሳይበላ እንዳትሸኚው።

ነገሩ የወንድማችን የከድሩ ነው። አልታመመም፣ አልታሰረም፣ አትደንግጪ። ከዚያ የሚከብድ ነው።

ከድሩ ሎጊያ ሲገባ ያስጠጉት የአገራችን ሰው ሼህ መሀመድአሚን መሆናቸውን ታውቂያለሽ። በሆቴላቸው ሥራ አስተምረው፣ ሉላን ድረውለት፣ በመጨረሻም ቁልፉን አስረክበውት እንደ ልጅ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። ቦታው የሁመድ ነው፤ ሁመድ እዚህ የሚከበር የአፋር ሽማግሌ ነው። ሼሁ የተከራዩት በቃል ብቻ ነበር፤ በመካከላቸው ወረቀት አልነበረም፣ አላስፈለጋቸውምም። አምና ሼሁ የታመመች ልጃቸውን ሊያስታምሙ አዋሽ ሄደው ሰነበቱ። ያኔ ነው ከድሩን ሰይጣን የያዘው። ሰይጣን አልኩ እንጂ ምኞቱ የራሱ ነው፤ ሉላም "እስከ መቼ የሰው ቁልፍ ያዥ ሆነህ ትኖራለህ" እያለች ታቀጣጥለው ነበር።

እዚህ አገር ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዳጉ ይሉታል። የት ዘነበ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ሞተ። ዳጉ ላይ አይዋሽም፤ የዋሸ በሽማግሌ ይቀጣል፣ ከዚያ በኋላም ቃሉን የሚቀበለው የለም። ስለዚህ የተነገረውን ሰው ምስክር አምጣ አይሉትም፤ ይዘውት ይሄዳሉ። ከድሩ አፋርኛውን እንደ ውሃ ስለሚጠጣው እንደ ልጃቸው ዳጉ ያስቀምጡት ነበር። እኛ ደገኞች ደግሞ ወሬን ትንሽ ጨምረን ትንሽ ቀንሰን ማውራት ለምዶብናል። አፋርኛውን አወቀ እንጂ ዳጉን አላወቀም። ከሁለት ግመል ነጂዎች ጋር ተቀምጦ "ሼህ መሀመድአሚን አዋሽ ላይ ሌላ ሆቴል ይዘዋል፣ ከእንግዲህ አይመለሱም" አለ።

ወሬው ሳምንት አልሞላውም። ሁመድ በሚሌ በኩል ሰማ፣ በዱብቲ በኩል ሰማ። ይህን ያህል ዘመን አብሮት የኖረ ሰው ሳይሰናበተው በመሄዱ ከፋውና ቦታውን ለከድሩ ሰጠ። ሼሁ ሲመለሱ አልጋቸው ግቢ ወጥቶ አገኙት። አልተጣሉም፣ ማንንም አልጠየቁም፤ ሁመድም ዕቃቸውን ሊወስዱ የመጡ መስሎት ተቀይሞ አላነጋገራቸውም። አገሬ ልግባ ብለው መናኸሪያ ቁጭ እንዳሉ ወደቁ፤ ዱብቲ ሆስፒታል ተወስደው በማግስቱ አረፉ። ሰው ሁሉ ሙቀቱ ነው፣ እርጅና ነው አለ። እኔም አልኩ። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው ከድሩ ነበር፤ እንዴት ያለ ታማኝ ልጅ ነው ብዬ እንደኮራሁበት ሳስበው ዛሬ ያመኛል።

ሆቴሉን ከያዘ ወዲህ ሰላም አልነበረውም። አፋሮቹ ዳጉ ሊቀመጡ ሲመጡ ሥራ አለብኝ እያለ ወደ ጓዳ ይገባል። ሉላ ደግሞ ሼሁ ይቀመጡበት የነበረውን የበረንዳ አግዳሚ ጠዋትም ማታም ታጥባለች፣ ያውም ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት አገር። አንድ ቀን ምነው ብላት "ይሸታል" አለችኝ። ምንም አይሸትም ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ ሰመራ ያሉ ተማሪዎች ትያትር እናሳያለን ብለው ወንበር ሊዋሱን መጡ። ከድሩ ፈቀደ፤ እነሱም የክብር እንግዳ ብለው የፊት ረድፍ ላይ ከሁመድ ጎን አስቀመጡት። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። የጥንት የባሕር ማዶ ታሪክ ነው አሉ። አንድ ንጉሥ ዘመቻ ሲሄድ ከተማውን ለሚያምነው ሹም አደራ ይሰጣል። ሹሙ ዘውዱን ይመኝና ንጉሡ ሞቷል ብሎ ያስነግራል። ንጉሡ ሲመለስ ዘበኞቹ አስመሳይ ነው ብለው ቢዘጉበት በሩ ሥር ይሞታል። ሹሙ ይነግሣል፤ ከዚያ በኋላ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ይጮኻል፣ የሚጠጋው ሰው ያጣል፣ ኋላም ራሱን ያጠፋል። የንጉሡ ጢም በላብ ተላቆ ሲወድቅ ሁላችንም ሳቅን። ተማሪዎቹ በዘበኞቹ ሞኝነት ሲስቁ ግን ሁመድ ተቆጣ። "ዘበኞቹ ምን አጠፉ? ሰው ነገራቸው፣ አመኑ" አለና ወደ ከድሩ ዞሮ "አይደለም እንዴ?" ሲል ጠየቀው። ከኋላ ሆኜ የከድሩ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ሲጣበቅ አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሽንኩርት ስከትፍ ማድ ቤት ገብቶ ሁሉንም ነገረኝ። እታለም፣ ጠላሁት። ውጣልኝ አልኩት። እሱ ግን በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ፤ ከስቶ አንገቱ ቀጥኗል፤ እዚያው ቆሜ ደግሞ አዘንኩለት። ሁለቱም ስሜት እስካሁን አብሮኝ አለ፤ የሚያደክመኝም እሱ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ራሱ ሄዶ ለሁመድ ተናገረ። ሁመድ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ዳጉ ላይ ነው ያልከው፣ ወይስ እንዲሁ ስትጫወት?" አለው። ከድሩ "ዳጉ ላይ" አለ። ሁመድ የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ ተነስቶ ሄደ። በሚመጣው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ሆቴሉ እንደሚሄድ እናውቀዋለን፤ ሉላም ልብሷን እየሸከፈች ነው።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። የሼሁ ባለቤት እትዬ ኡሙሀኒ የናንተ ጎረቤት ናቸው። ከድሩ ለሼሁ ሰደቃ በሬ ከላከላቸው ወዲህ በየጁምዓው ዱዓ ሲያደርጉ ስሙን እየጠሩ እንደሚመርቁት ራስሽ ነግረሽኛል። ባላቸው ጥለዋቸው ሌላ ቦታ ኑሮ ሊመሠርቱ ነበር የሚለውም ወሬ ጆሯቸው ገብቶ፣ በሟች ላይ ቂም ይዘዋል አሉ። ዳጉ ከአይሱዙ ይፈጥናል፤ ከሽማግሌዎቹ ጉባኤ በኋላ ነገሩ በሾፌር አፍ ሐይቅ ይደርሳል። ከመንገደኛ እንዳይሰሙት። ሄደሽ፣ አጠገባቸው ተቀምጠሽ፣ ሼሁ ከእሳቸው ሌላ ቤት እንዳልነበራቸው፣ ውሸቱም የወንድማችን መሆኑን ንገሪያቸው። ቢጮኹብሽ ቻይ፣ ቢያባርሩሽ ውጪ። ከድሩን ምን ልበልልህ ብዬ ጠይቄው ነበር። "ይቅር ይበሉኝ ብላችሁ እንዳትለምኗቸው። ምርቃቱን ብቻ ያቁሙልኝ፣ አልቻልኩትም" አለኝ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ለእሷ ቀስ ብለን አብረን እንነግራታለን። ለባለቤትሽ ለሙእሚን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ልጁን ሥራ እንዲለምድ ወደዚህ የመላኩን ነገር ለጊዜው ይተወው። ልጆቹን አንድ በአንድ እቀፊልኝ፣ ትንሿን ደግሞ ጉንጯን ነከስ አድርጊልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ለእትዬ ኡሙሀኒ ግን ሰላምታ አልላክሁም። ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰላምታ ከእውነቱ ቀድሞ እንዲደርሳቸው አልፈልግም።

እህትሽ ሙጂባ
ሎጊያ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.