ከትኬት መስኮቱ በላይ የተወለዱት የአቶ ኤገርት ቦርንሆልት የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤገርት ቦርንሆልት ከአባታቸው ከጣቢያ ሹሙ ከአቶ ሉድገር ቦርንሆልትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄርሚነ ቴገን፣ በሃኖቨር ከተማ ዳርቻ በምትገኘው በኤርለንሆርስት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 9 ቀን 1938 ተወለዱ። የተወለዱት በባቡር ጣቢያው ፎቅ ላይ፣ ከትኬት መቁረጫው መስኮት በላይ ባለው ክፍል ነው። አዋላጇ ከቮልፈንሮደ የመጣችው በባቡር ነበር። አባታቸው ያንኑ ባቡር ሳያሰናብቱ ወደ ላይ መውጣት ስላልቻሉ፣ የልጃቸውን የመጀመሪያ ልቅሶ የሰሙት ቀይ ቆባቸውን እንዳደረጉ መድረኩ ላይ ቆመው ነው። ወይዘሮ ሄርሚነ ይህን ነገር እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲያነሱባቸው ኖረዋል።

ዛሬ እዚህ ከተሰበሰባችሁት ወጣቶች ብዙዎቻችሁ ያን ቤት አላያችሁትም። ባለ አንድ ፎቅ፣ በቀይ ጡብ የተሠራ ቤት ነበር። ከአደባባዩ በሁለቱ ትላልቅ የሊንደን ዛፎች ሥር አልፎ በሩን የገፋ ሰው ትኬት መቁረጫውን ፊት ለፊት ያገኘዋል፤ በግራው መጠበቂያ ክፍሉ፣ በቀኙ የጣቢያው ምግብ ቤት። በወዲያኛው በር ሲወጣ አንደኛው መድረክ ነው፤ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ስለነበር ከወንበሩ ተነሥቶ ባቡር ላይ እስኪሳፈር ዝናብ አይነካውም ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሐዲድ መካከል ወዳለው መድረክ ለመሻገር ግን ነጭ ሸክላ በተለበጠው የምድር ውስጥ መተላለፊያ መውረድ ግድ ይላል፤ የኤርለንሆርስት ልጅ ሆኖ እዚያ ውስጥ ጮኾ ድምፁ ሲያስተጋባ ያልሰማ የለም። በምሥራቅ በኩል የዕቃ መጋዘኑ፣ በምዕራብ በኩል የሲግናል ማማውና ባቡር ሲመጣ መንገዱን የሚዘጋው ኬላ ነበሩ። ከኬላው አጠገብ ባለችው ትንሽ ቤት የኬላ ጠባቂው የዴትመር ቤተሰብ ይኖር ነበር። የጠባቂው ልጅ ቮልክማር ከአቶ ኤገርት በአንድ ዓመት ያንሳሉ። ሁለቱ አብረው አደጉ።

በ1945 የጸደይ ወራት የዕቃ መጋዘኑ በቦምብ ሲቃጠል፣ እሳቱ ወደ ዋናው ቤት እንዳይዛመት ሁለቱ ልጆች ከትልልቆቹ እኩል በወተት ጣሳ ውኃ ሲያመላልሱ ነበር። መጋዘኑ ነደደ፤ ቤቱ ተረፈ። አቶ ኤገርት ካደጉ በኋላም ለእንግዳ ሁሉ "ይህን ቤት ያተረፍነው እኔና ቮልክማር ነን፤ አባቶቻችን ረድተውናል" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ስምንተኛ ክፍልን በኤርለንሆርስት ካጠናቀቁ በኋላ በ1953 በምድር ባቡር ሥራ ሠልጣኝነት ተቀጠሩ። በ1959 የኤርለንሆርስት ሲግናል ማማ ኃላፊነት ተሰጣቸው። አቶ ቮልክማርም በዚያው ዓመት በቀጣዩ ጣቢያ በቮልፈንሮደ ተመደቡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለፈ ባቡር ሁሉ ያለፈው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ቃል ነው ማለት ይቻላል።

ይህንን ማብራራት ያስፈልጋል፤ የኋለኛው ነገር ሁሉ ያለዚህ አይገባም። ባቡር ከአንዱ ጣቢያ ወደ ቀጣዩ ከመለቀቁ በፊት ለቃቂው በስልክ የባቡሩን ቁጥር ጠርቶ "ትቀበላለህ?" ይላል። ተቀባዩ ቁጥሩን ራሱ ቃል በቃል ደግሞ "አዎን" እስኪል ድረስ ባቡሩ አይነቃነቅም። "እሺ"፣ "ችግር የለም"፣ "ላከው" የሚባል መልስ እዚያ ቤት አይሠራም። መስመሩ ነጻ ካልሆነ መልሱ "አይሆንም፤ ይጠብቅ" ነው። ይጠብቅ የተባለ ባቡር ደግሞ በከለከለው ሰው ቃል እንጂ በሌላ በማንም አይለቀቅም።

በ1964 የመከር ወራት አንድ ማለዳ ጭጋጉ ከባድ ነበር። አቶ ኤገርት ሠራተኞች የጫነውን ባቡር ለመልቀቅ ሲጠይቁ ከቮልፈንሮደ "አይሆንም፤ ይጠብቅ" የሚል መልስ መጣ። ተሳፋሪው ተቆጣ። አንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ማማው ጮኸ።

"ምን ትጎልተናለህ? ጭጋግ አይተህ ፈራህ እንዴ?"

"ቮልክማር ይጠብቅ ብሏል!" ብለው አቶ ኤገርት መስኮታቸውን ዘጉ።

ለካ ከኩርባው ወዲያ ከጭነት ባቡር የተቆረጠ ፉርጎ ሐዲዱ ላይ ቆሞ ኖሯል። ያን ዕለት ባቡሩ ተለቅቆ ቢሆን ኖሮ ስንት ቤት ሐዘን ይቀመጥ እንደነበር የዚህ ሰፈር ሰው ያውቃል። አቶ ኤገርት ከዚያ ወዲህ የአቶ ቮልክማርን ቃል ከገዛ ዓይናቸው አብልጠው ያምኑ ነበር።

በ1962 በጣቢያው ምግብ ቤት የአተር ሾርባና ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በዳቦ ያቀርቡ ከነበሩት ከወይዘሮ ሮስቪታ ሃርምስ ጋር ትዳር መሥርተዋል። አጠያየቃቸውም እንደ ሥራቸው ነበር። ሾርባቸውን እየጠጡ ድንገት ማንኪያውን አስቀምጠው "ሮስቪታ፣ ትቀበይኛለሽ?" አሏቸው። "እንዴታ! እቀበልሃለሁ እንጂ" አሉ ወይዘሮ ሮስቪታ። እሳቸው ግን ማንኪያውን ሳያነሡ ይጠብቁ ጀመር።

"ደግሞ ምን ቀረህ?"

"አልደገምሽውማ።"

"ኤገርት ቦርንሆልትን እቀበላለሁ፤ አዎን። በል አሁን ሾርባህ ሳይበርድ ጠጣ!"

ሚዜያቸው አቶ ቮልክማር ነበሩ። ከዚህ ጋብቻም ወይዘሮ ኢምከንና አቶ ሄኒንግን አፍርተዋል።

በ1978 የአባታቸውን ቀይ ቆብ ወርሰው የኤርለንሆርስት ጣቢያ ሹም ሆኑ። ከዚያ በኋላ የነበረው ዘመን ጣቢያው በየተራ የሚጎድልበት ነበር። በመጀመሪያ መንገዱ ከሐዲዱ በታች እንዲያልፍ ተደርጎ ኬላው ተነሣ። ቀጥሎ የሲግናሉ ሥራ በሙሉ ወደ ከተማው ስለተዛወረ ማማው ተዘጋ። ምግብ ቤቱ ተዘጋ፤ በትኬት መቁረጫው ምትክ መድረኩ ላይ ማሽን ተተከለ። አቶ ኤገርት በ2001 ጡረታ ሲወጡ የቀረው ባዶ ቤት ነበር። እሳቸው ግን ቤት እስከቆመ ድረስ ሰው ይመለሳል ባይ ነበሩ።

በ2003 አንድ የግንባታ ድርጅት ቤቱን አፍርሶ በቦታው መኖሪያ ሕንጻ ለመሥራት ለከተማው ምክር ቤት ጥያቄ አቀረበ። አቶ ኤገርት የሰፈሩን ሰው ሰብስበው የጣቢያው ወዳጆች ማኅበርን አቋቋሙ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ መጠበቂያው ቤተ መጻሕፍት ይሁን፣ ምግብ ቤቱ ሾርባውን ይመልስ፣ ፎቁ ላይ ወጣት ቤተሰብ ይግባ። ምክር ቤቱ እኩል ለእኩል ተከፈለ። አንድ ሰው ብቻ አቋሙን አላሳወቀም ነበር፤ እሱም ከጡረታ በኋላ ለምክር ቤቱ የተመረጡት አቶ ቮልክማር ዴትመር ነበሩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮስቪታ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል ከዚህ ጽሑፍ እንዲቀር ጠይቀው ነበር። ይህን ያዘጋጁት የአቶ ኤገርት ታናሽ እህት ወይዘሮ አነግሬት ግን "ጣቢያው ከወጣበት የኤገርት ታሪክ የማን ታሪክ ሊሆን ነው?" ብለው አስገብተውታል።

ሁለቱ ጓደኞች ከሐዲዱ ዳር ባለው የባቡር ሠራተኞች የአትክልት ቦታ ጎን ለጎን የሚያለሙት መሬት ነበራቸው። አቶ ኤገርት አንድ ቅዳሜ አጥሩ ላይ ተደግፈው ጠየቋቸው።

"ቮልክማር፣ ጣቢያው እንዳይፈርስ ድምፅ ትሰጣለህ?"

አቶ ቮልክማር ከባቄላቸው ቀና አሉ። "ጣቢያው እንዳይፈርስ ድምፅ እሰጣለሁ፤ አዎን" አሉ። ቃል በቃል፣ ምንም ሳያጎድሉ ደገሙት።

አቶ ኤገርት ከዚያ ወዲያ እፎይ አሉ። የማኅበሩ አባላት ሰልፍ እንውጣ፣ የእያንዳንዱን የምክር ቤት አባል ቤት እናንኳኳ ሲሉ ከለከሉ። ታናሽ እህታቸው ሞገቷቸው።

"ኤገርት፣ ምክር ቤቱ ደጃፍ ሰው ይታይ እንጂ! ከእኛ ምን ይሄዳል?"

"አያስፈልግም። ቮልክማር ደግሞልኛል።"

"ቢደግምስ? ዛሬ እኮ የምክር ቤት ሰው ነው።"

"አነግሬት፣ እኔ በዚህ ሰው ቃል ሰው የጫነ ባቡር ለቅቄአለሁ።"

ሰልፉ ቀረ።

ድምፅ የተሰጠው በማርች 2004 ነው። አቶ ኤገርት የሠርጋቸውን ሙሉ ልብስ ለብሰው በሕዝብ መቀመጫው ፊተኛ ረድፍ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው "ቤቱ ይፍረስ የምትሉ እጅ አውጡ" ሲሉ አቶ ቮልክማር ወደ መስኮቱ እያዩ እጃቸውን አወጡ። አቶ ኤገርት ጓደኛቸው የተሳሳቱ መሰላቸው። ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሥተው "አሁን አይደለም፤ የሚቀጥለው ነው" እያሉ በእጃቸው ምልክት ይሰጧቸው ጀመር። ከጎናቸው የነበሩት እህታቸው ኮታቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ያቺን ቅጽበት እህታቸው እስካሁን አልረሷትም፤ አይረሷትምም።

ደረጃው ላይ ተገናኙ።

"ደግመህልኝ ነበር እኮ" አሉ አቶ ኤገርት።

"ያ የስልክ ሕግ ነው ኤገርት። ይሄ ሌላ ነው። ፓርቲዬ ይፍረስ ብሎ ወስኖ ነበር፤ ምን ላድርግ?"

"ታዲያ ለምን 'ይጠብቅ' አላልከኝም?"

"ልልህ ነበር። ፊትህን ሳየው አቃተኝ።"

አቶ ኤገርት ይጠብቅ ቢባሉ ኖሮ ሰልፉን ይወጡ ነበር፤ ሌላ በር ያንኳኩ ነበር። እጅና እግራቸውን ያሰራቸው ያ የተደገመ ቃል ነው።

በበጋው ቤቱ ፈረሰ። አቶ ኤገርት መካከለኛው መድረክ ላይ ቆመው አዩት። ግድግዳው ሲናድ የተወለዱበት ክፍል አረንጓዴ የግድግዳ ወረቀት ለመንገደኛ ሁሉ ተገልጦ ታየ፤ ያን ጊዜ ዓይናቸውን መለሱ። ዛሬ ከመድረኮቹ በቀር ከዚያ ሁሉ የቀረው ነጩ መተላለፊያ ብቻ ነው። አዲሱ ሕንጻ ሲያልቅም አቶ ቮልክማር ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ ከአንደኛው መድረክ በላይ መስኮት ያለውን ቤት ተከራይተው ገቡ።

ከዚያ ጀምሮ አቶ ኤገርት የአትክልት ቦታቸውን ለሌላ ሰው ለቀቁ። ባቡር መሳፈር ሲያስፈልጋቸውም በብስክሌት እስከ ቮልፈንሮደ እየሄዱ ይሳፈሩ ነበር፤ በበረዶም ቢሆን። ወይዘሮ ሮስቪታ "አንተ ሰውዬ፣ ደጃችን ላይ ጣቢያ እያለ!" ሲሏቸው፣ "የቱ ጣቢያ?" ይሉ ነበር። ስለ አቶ ቮልክማር ክፉ ነገር ሲናገሩ የሰማቸው የለም። ስማቸውንም ሲጠሩ የሰማቸው የለም።

በ2018 የሳንባ ሕመም ጀመራቸው። በሐኪም ሲረዱ ቆይተው በ2019 የበጋ ወራት ጽኑ ሕሙማን ወደሚታገዙበት ቤት ገቡ። በሴፕቴምበር አቶ ቮልክማር ሳይጠሩ መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው አልጋው አጠገብ ቆሙ።

"ኤገርት፣ ይቅር ትለኛለህ?"

አቶ ኤገርት ድሮ በስልክ በሚናገሩበት ድምፅ፣ ቀስ ብለው፦

"አይሆንም፤ ይጠብቅ" አሏቸው።

አቶ ቮልክማር የሥራው ሰው ናቸውና ገባቸው። አልተከራከሩም። ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላም በየጊዜው እየመጡ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር፤ የሚጠራቸው ግን አልነበረም። አቶ ኤገርት ኖቬምበር 3 ቀን 2019፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት፣ በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ይጠብቅ ያሉትን ሰው ሳይለቁ አረፉ።

ባለፈው ማክሰኞ አቶ ቮልክማር ወደ ቤት መጥተው አስከሬኑን ከሚሸከሙት አንዱ እንዲሆኑ ለመኑ። ወይዘሮ ሮስቪታ ልባቸው ራርቶ "አነግሬት፣ ምን እንበለው?" አሉ። እህታቸው "ይጠብቅ ያለው ኤገርት ነው። እኔና አንቺ በእሱ ፈንታ መልቀቅ አንችልም" አሉ። አቶ ቮልክማር ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ዛሬ በኋለኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። የሚያስወጣቸው የለም፤ ወደ ፊት ይምጡ የሚላቸውም የለም።

አቶ ኤገርት ቦርንሆልት ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮስቪታን፣ ልጆቻቸውን ወይዘሮ ኢምከንና አቶ ሄኒንግን፣ የልጅ ልጆቻቸውን እንዲሁም ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ አነግሬትን በሐዘን ትተው ሄደዋል። ቀይ ቆባቸው ከአስከሬናቸው ጋር ይቀበራል።

አፈሩ ይቅለላቸው። በሰማይ ደጅ "ኤገርት ቦርንሆልትን ትቀበላለህ?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጌታ ስማቸውን ሙሉ በሙሉ ደግሞ "አዎን" ይበላቸው። እሱ እንኳ ቃሉን አይጠፍባቸው።