ጁፒተር ላይ መቆሚያ የለም

ሰኞ

ልጆቹን ጥዬ ሮጥኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ግን ልጻፈው።

አራተኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሰባተኛ "ለ"፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ መጀመሪያ የመስኮቶቹ መስታወት ተንጫጫ፣ ቀጥሎ ወለሉ ከእግሬ ሥር የሄደ መሰለኝ። ከበሩ ካለፍኩ በኋላ የማስታውሰው ግቢው መሀል መቆሜን ነው። ጠመኔው በእጄ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ዞር ስል አርባ አንድ ልጆች እየተገፋፉ፣ እየጮኹ ይወርዳሉ። አንዷ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ከዚያ የባሰ አልደረሰም፤ ጌታ ይመስገን።

ሰሞኑን ምድር የተንቀጠቀጠችበትን ቀን መቁጠር ትቻለሁ። እንዲህ ጠንክሮ ግን አያውቅም።

ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ግርማ፣ "ቲቸር ሰናይት፣ ልጆቹን ቶሎ ስላወጣሽልን ተባረኪ" አሉኝ። አይደለም አላልኩም።

ሀዊ ግን አይታኛለች። በመተሐራ በኩል ቤታቸው ተሰንጥቆባቸው እዚህ አዳማ አጎቷ ዘንድ የተጠጋች ልጅ ናት። የምትቀመጠው ፊት ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ ነው። በአጠገቧ ሳልፍ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ማክሰኞ

መሐንዲስ መጥቶ ሕንፃውን አየ። ምንም አልሆነም፣ ትምህርት ይቀጥል ተባለ። እኔ ደረጃው ጋ ስደርስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ልጆች እንዳይነቁብኝ ስልክ የማወራ መስዬ ቆምኩ። ማንም ሳይደውልልኝ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ።

ዛሬ የምፈራቸው፦ ደረጃው። የሀዊ ዓይን። ሐሙስ።

ሐሙስ የመጣው እንዲህ ነው። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የሳይንስ አስተማሪዋ ወልዳ ስለተኛች ክፍሏን ደርቤ ያዝኩ። ሐሙስ ስለ ፕላኔቶች ሳስተምር አቶ ግርማ ገብተው ሊያዩኝ ነው። ስለ ፕላኔት የማውቀው ስማቸውን ብቻ ነው። እሱንም በቅደም ተከተል አይደለም።

ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላስጠላኝ ወንበሬን ግቢ አውጥቼ አነበብኩ። ለፀሐይ የቀረቡት አራቱ፣ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ምድርና ማርስ፣ ትናንሾች ናቸው። ዐለትና ብረት። ሲፈጠሩ ፀሐይ አጠገብ ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ጠጥሮ መቆየት የቻለው እሱ ብቻ ነው። ራቅ ብሎ፣ ቅዝቃዜው ጋ፣ በረዶም ነበር። እዚያ ያሉት በረዶውንም እየሰበሰቡ ገዘፉ፤ ከገዘፉ በኋላ ደግሞ በዙሪያቸው ያለውን ጋዝ እየሳቡ አበጡ። ጁፒተርና ሳተርን አብዛኛው አካላቸው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው። ዩራነስና ኔፕቱንም ግዙፍ ናቸው፤ እነሱ ውስጥ ግን በረዶ የነበረው ነገር ይበዛል።

አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጁፒተር የሚቆሙበት ወለል የለውም።

እማዬ ከሁሩታ ደወለች። "ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ ወደዚህ፣ የኛ ቤት ፎቅ የለውም" አለችኝ። ልሄድ አስቤያለሁ። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ብጠይቅስ? ግን ምን ብዬ?

ረቡዕ

ሀዊ ፎቅ አልወጣም አለች። ታችኛው ደረጃ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ቁጭ ብላለች። አቶ ግርማ "አንቺ አናግሪያት፣ አንቺን ትሰማለች" አሉኝ። ምነው ሌላ ሰው በላኩ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ አየችኝና፣

"ቲቸር፣ እርስዎም እኮ ሮጠዋል" አለችኝ።

ፊቴ ጋለ። "አዎ። ፈርቼ ነው" አልኳት።

"እኛን ረስተው ነው?"

"አዎ።" ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ልጅቷን ሳያት ተመለሰ።

አልተቆጣችም። ጫማዋን እያየች፣ "መሬት የማይንቀጠቀጥበት ፕላኔት አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ትናንት ያነበብኩትን ነገርኳት። ማርስም ዐለት ስለሆነች ትንቀጠቀጣለች፤ መሣሪያ ተልኮ ተመዝግቧል። ጁፒተር ላይ ግን የሚንቀጠቀጥ መሬት የለም።

"ታዲያ ሰው የት ላይ ይቆማል?"

"አይቆምም። ዝም ብሎ ወደ ውስጥ መውደቅ ነው። በወረድሽ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጋዙ እየተጫነሽ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ያደቅሻል።"

እንዲህ ለፈራ ልጅ ይህ ይነገራል? ወዲያው ቆጨኝ። እሷ ግን አሰበችበት። "እሱ ይብሳል" አለች።

ነገ ቢንቀጠቀጥ አንቺ ከክፍል ሳትወጪ እኔም አልወጣም አልኳት። "ቶሌ" ብላ ቦርሳዋን አነሳች። እሷ እሺ አለች፤ እኔ ግን ቃሌን ከሰጠሁ ጀምሮ ደረጃውን እያሰብኩ ነው። እግሬ የሚያደርገውን እኔ መቼ አውቄ?

ሐሙስ

ሽምብራና ብርቱካን ይዤ ገባሁ። ምድርን ሽምብራ ብናደርጋት ጁፒተር ብርቱካኑን ያህላል። ልጆቹ ሽምብራዋን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሏት። "ልዩነቱ በትልቅነት ብቻ እንዳይመስላችሁ" አልኩ። "ሽምብራዋን ብትነክሷት ጥርስ ታሳምማለች። ብርቱካኑን ግን ልጣጭ የለውም በሉ። እጃችሁን ብትሰዱ ሰተት ብሎ ይገባል።" አቶ ግርማ ኋላ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ደህና እየሄድኩ ነበር።

ከዚያ መስኮቱ ተንጫጫ።

እግሬ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። ይህንንም ልጻፈው፤ ሁለት እርምጃ ሄዷል። ሀዊ በሩ አጠገብ ናት፤ ዴስኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ታየኛለች። "ከዴስክ ሥር!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። "ማንም ወደ ደረጃ እንዳይሄድ! ራሳችሁን ሸፍኑ!" እኔም ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ከሀዊ ዴስክ ሥር ጭንቅላቴን ከተትኩ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ወይ የእኔ ነው። ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር ተሰነጠቀ፤ ኖራ እላያችን ላይ ረገፈ። ይኸው አለቀልኝ አልኩ።

ቆመ።

በሰልፍ አወረድኳቸው። በመጨረሻ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ስቆጥራቸው ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ ሦስተኛው ላይ አርባ አንድ ሆኑ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለሰኝ።

አቶ ግርማ ልብሳቸው በኖራ ነጥቷል። "እንደ ሰኞው ሁሉ ዛሬም አኮራሽን" አሉኝ። ነገ የወላጆች ስብሰባ ጠርተዋል። ሰኞ እንዴት እንዳወጣኋቸው ለወላጆች እንድናገር ይፈልጋሉ።

ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ይህን ፈራሁ።

ዓርብ

ስብሰባው ግቢ ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ሆነ። አቶ ግርማ አመስግነው ጠሩኝ። ተነሳሁ።

"ሰኞ ዕለት ልጆቻችሁን እኔ አላወጣኋቸውም። ጥያቸው ወጣሁ። እነሱ በራሳቸው ነው የወጡት" አልኩ።

ጉልበቷ የተላጠው ልጅ አባት፣ ባጃጅ የሚነዱ ሰው ናቸው፣ ተነሱ። መጣብኝ አልኩ።

"እኔ የመጀመሪያው ቀን ሲንቀጠቀጥ ሁለት ልጆቼን ቤት ውስጥ ትቼ ነው መንገድ ላይ የተገኘሁት" አሉ። "ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። ይኸው አሁን ሰማች።"

ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ቀና ሳይሉ፣ "አውቃለሁ። ከኋላህ እኔ አወጣኋቸው" አሉ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ሰውየውም ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

አቶ ግርማ አልሳቁም። በኋላ ለብቻዬ ጠርተው ተቆጡኝ፦ "ለእኔ ቀድመሽ መንገር ነበረብሽ።" እውነታቸውን ነው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቢሆንም ጣሪያው እስኪጠገን ሰባተኛ "ለ" ምድር ቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይማራል ብለው ወሰኑ።

ለእማዬ ደውዬ እንደማልመጣ ነገርኳት። "ፍርሃቱ ለቀቀሽ?" አለችኝ። አለቀቀኝም አልኳት። ደግሞ ቢመጣ እግሬ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም።